ጽዱ ውስጥ ተከራይ አለ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እማማ በሬን አንኳኩ። አከራዬ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጽዱን የሚከረክመው መጥቷል፣ ነይ እይለት" አሉኝ። ሻይ ጥጄ ነበር። እሳቱን አጥፍቼ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

"እይለት" ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። እኛ ግቢ ጽዱ ከመከርከሙ በፊት እኔ እየዞርኩ የወፍ ጎጆ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ደመወዝ የለውም። ደግነቴ ታይቶም አይደለም የተሾምኩት፣ በጥፋቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 2015 ነው። ቡሄ አልፏል። መቼም "ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት" እየተባልን ነው ያደግነው፤ ሰማዩ ትንሽ ገለጥ ሲል ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ግቢው ፏ እንዲል ይነሳል፣ ቀለም የሚቀባው ይቀባል፣ ሳር የሚያጭደው ያጭዳል፣ ክረምቱን ሙሉ እንደ ልቡ ያደገው ጽድም ያኔ ነው የሚከረከመው። እማማ ሰው አጥተው ሲያማርሩ ሰማሁና "እኔ እከረክመዋለሁ፣ ምን ያቅታል?" አልኩ። ከጎረቤት ትልቁን መቀስ ተዋስኩ። ወንበር ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ አካባቢ በጣም ደስ ይል ነበር፣ ቀጥ ያለ መስመር ሲወጣ ፀጉር አስተካካይ የሆንኩ መሰለኝ።

መሃል ላይ ስደርስ ከውስጥ ፍርርር ብላ አንድ ወፍ ወጣች። ደነገጥኩ፣ ሳቅኩ፣ ቀጠልኩ። አዎ ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ ነው። ወፍ ከጽድ ውስጥ እንደዚያ ተስፈንጥራ ስትወጣ አንድ ነገር እየነገረችኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ሦስት አራቴ ከቆረጥኩ በኋላ አየሁት። የዋኖስ ጎጆ ነው። አይታችሁ ከሆነ ዋኖስ ጎጆ ስትሠራ ሰነፍ ናት፤ አንድ እፍኝ ቀጫጭን ጭራሮ ቅርንጫፍ ላይ ጣል ጣል ታደርግና በቃ። ከሥር ሆናችሁ ብታዩ በጭራሮው መሃል እንቁላሉ ይታያል። ሁለት ነጭ እንቁላል ነበር። ጎጆውን አልነካሁትም። እንቁላሉም አልወደቀም። ወዲያው መቀሱን አስቀመጥኩና ራሴን አመሰገንኩ፣ "እንኳን በጊዜ አየሁ" ብዬ። ከሰዓት ላይ እናትየው ተመልሳ ስትቀመጥ በመስኮት አይቼ ደግሞ የባሰ ተደሰትኩ።

ሰኞ ጠዋት ቁራ አጥሩ ላይ ቆሟል። ጎጆው ባዶ ነው። ሥሩ አንድ የተሰበረ ቅርፊት ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዋናው ነገር ጎጆውን አለመንካት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዋኖሷ ያንን ቦታ የመረጠችው ከላይም ከጎንም በቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ ነው። እኔ ጣራዋንና ግድግዳዋን አንስቼ "ቤትሽን አልነካሁም" እንዳልኳት ነው። ለቁራ ሜኑ ዘረጋሁለት። ቁራ ባይመጣ ድመት ይመጣል፤ ድመት ባይመጣ የነሐሴ ዝናብ አለ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል።

በዚያ ሰሞን ጀርመን የምትኖረው እህቴ ደወለች። ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ። እሷም የመጀመሪያ ዓመቷ ላይ ገጥሟታል። በጁን ወር የበረንዳቸውን አጥር ልትከረክም መቀስ ይዛ ስትወጣ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ሮጠው መጡ፤ እህቴ ጀርመንኛዋ ገና ስለነበር የገባት "ወፍ" እና "ክልክል" የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነው ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። በኋላ ስታጣራ እውነትም ሕግ አለ። በጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 አጥርና ቁጥቋጦ ከሥሩ መቁረጥም ሆነ መንቀል ክልክል ነው። በእኛ ሲቆጠር ከየካቲት 22 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። የዓመቱን አዲስ ቀንበጥ ቀለል አድርጎ ማስተካከል ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ሴትየዋ ትንሽ አብዝተውት ነበር፣ ደግሞም ትክክል ነበሩ።

አየርላንድም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ የእነሱ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ነው። እንግሊዞች ግን ለየት ይላሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 የወጣው ሕጋቸው ለግቢ አጥር ቀን አይቆርጥም። የሚለው የትኛውንም የዱር ወፍ ጎጆ፣ እየተሠራ ወይም ወፏ እየተጠቀመችበት ባለበት ጊዜ ሆን ብሎ ማበላሸት ወንጀል መሆኑን ነው። ከማርች እስከ ኦገስት አትከርክሙ የሚለውን የወፍ ጥበቃ ማኅበራቸው ነው የሚመክረው።

እህቴ "እናንተም እንደዚህ ዓይነት ሕግ ያስፈልጋችኋል" አለችኝ። እኔ ግን የጀርመኑ ዓይነት ለአዲስ አበባ የሚሠራ አይመስለኝም። እነሱ ዘንድ ክረምቱ ብርዱ ነው፣ ፀደይ ሲመጣ ቀኑ ይረዝማል፣ ወፉ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል፣ ስለዚህ ቀን ቆርጦ "ከዚህ እስከዚህ አትንኩ" ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ቀኑ ክረምት ከበጋ ያን ያህል አይለያይም። ለብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ሰዓቱን የሚነግራቸው ዝናቡ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ትሉም ፍሬውም ይበዛል፣ ጫጩት የሚቀለበው ያኔ ነው። ዋኖስ ደግሞ ዝናብም አትጠብቅም፣ ደስ ባላት ወር ትጥላለች። ስለዚህ እኛ ጋ የሚያዋጣው የእንግሊዞቹ ነው፣ ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ጎጆውን ማየት። ችግሩ ሁላችንም መቀስ የምናነሳው ነሐሴ ላይ፣ ማለትም ጽዱ ውስጥ ብዙ ተከራይ ሊኖር በሚችልበት ጊዜ መሆኑ ነው። ክረምት የለም ያልነው እኛ ነን። ወፎቹ ተረቱን አልሰሙም።

እሺ፣ እንዴት ነው የማየው? አብዛኛው መቀመጥ ነው። በማለዳ በርጩማዬን ይዤ ከጽዱ ራቅ እልና ሻይ እየጠጣሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ስልክ አልነካም (ይኼ ነው ከባዱ)። አንድ ወፍ አፏ ላይ ሳር ወይ ትል ይዛ አንድ ቦታ ደጋግማ ከገባች አለቀ፣ ተከራይ አለ። አንዳንዴ ደግሞ አፏ ላይ የያዘችውን ይዛ የመብራት ሽቦው ላይ ትቆምና ሳትገባ "ጭክ ጭክ ጭክ" ትላለች። ያ ስድብ ነው። ለእኔ ነው። በጣም ቀርቤያለሁ ማለት ስለሆነ ተነስቼ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ወዲያው ትገባለች።

ከዚያ ሥሩን አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ኩስ ከተጠራቀመ በላዩ የሆነ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ወደ ጽዱ ተጠግቼ ቅርንጫፉን በእጄ ጀርባ ቀስ አድርጌ ገለጥ የማደርገው፣ አይቼ ወዲያው እመልሰዋለሁ። ፎቶ የለም። የሰፈር ልጆችንም አልጠራም፤ ልጆች ስል ደግሞ እኔም ልጅ እያለሁ ላስቲክ ይዘው ወፍ ከሚያሳድዱት መሃል ነበርኩ፣ ስለዚህ የምናገረው ከልምድ ነው።

የዋኖስ ጎጆ ቀላል ነው። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። ለምሳሌ ማር ቀሳሚዋ፣ ያቺ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለው፣ አበባ ላይ የምትንጠለጠለው። ጎጆዋ ጎጆ አይመስልም። ሣር፣ ደረቅ ቅጠል፣ ላባ በሸረሪት ድር ተያይዞ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ጎኑ ላይ ትንሽ በር አለችው። እማማ ቡገንቪላው ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ "ያንን ቆሻሻ አንሱልኝ" ሲሉ የነበሩት ይህንን ነው። እኔም ንፋስ ያመጣው ፌስታል ቁራጭ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከቆሻሻው ውስጥ ምንቃር ብቅ አለ። ሸማኔ ወፎቹ ደግሞ ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው የሚያንጠለጥሉት፣ መቀስ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ጫፉን ነው። የቅርንጫፍ መንታ መሃል ትንሽ ስኒ የምታህል ጎጆ የሚሠሩም አሉ፤ እነሱን እጅህን ካላስገባህ አታያቸውም።

ጎጆ አግኝታችሁ እንቁላል ኖሮ እናትየው ከሌለች "ትታዋለች" ብላችሁ አትወስኑ። ብዙ ወፎች በቀን አንድ እየጣሉ መታቀፍ የሚጀምሩት የመጨረሻውን ወይም ከመጨረሻው በፊት ያለውን ከጣሉ በኋላ ነው። እስከዚያ እንቁላሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እሷም ውጪ ውላ ትገባለች። ምንም አልሆነም።

ሌላው ደግሞ "ሰው ከነካው እናቱ ትጠላዋለች" የሚባለው ነው። እኔም አምኜው ነው የኖርኩት። እውነት አይደለም። የእጃችን ሽታ ጫጩት አያስጥላትም። የሚያስጥላት መመላለስ ነው፤ በየሰዓቱ እየሄዱ መግለጥ፣ መጮህ፣ መሰላል ማቆም። ስለዚህ ላባ ያላበቀለ ጫጩት መሬት ላይ ካገኛችሁ አንስታችሁ ጎጆው ውስጥ መልሱት። ላባ አብቅሎ መሬት ላይ የሚንጦለጦለውን ግን ተዉት፣ መብረር እየተማረ ነው፣ እናቱ ከላይ እያየችው ነው። ድመት ካለ ብቻ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አድርጉት። ወደ ቤት አስገብታችሁ ዳቦ በወተት አታብሉት። አደራ።

እማማን ማሳመን ከባድ ይመስለኝ ነበር። ለበዓል ዘመድ ይመጣል፣ ግቢው የተጎሳቆለ መምሰል የለበትም። ግን ስለ ቁራው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "ኦሪት ዘዳግም ላይ አለ እኮ" አሉ። እናቲቱን ከነልጆቿ አትውሰድ ይላል አሉኝ። ማታ ገልጬ አነበብኩት፣ ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 ላይ እውነትም አለ። ግን ቀጥሎ እናቲቱን ልቀቅ፣ ልጆቹን ውሰድ ነው የሚለው። በማግስቱ ሄጄ "እማማ፣ እንቁላሉን መውሰድ ይፈቀዳል እኮ ይላል" አልኳቸው፣ ለነገር። ቀና ብለው አዩኝና "እሱ ለተራበ ነው። አንቺ ርቦሻል?" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እይለት" የሚለው ሥራ የእኔ ሆነ።

አከራከሙንም ቀየርነው። ዋናውን ከበድ ያለ ቁርጥ ወደ ጥር አዛወርነው፣ ደረቅ ነው፣ ጽዱ ውስጥም ጸጥታው ይበዛል። ጥር ላይም አያለሁ፣ ዋኖስን አላምናትም። ነሐሴ ላይ አዲሱ ቀንበጥ ብቻ ነው ከላይ ከላይ የሚነሳው። ይህ ለጽዱም ይሻለዋል። የፈረንጅ ጽድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አረንጓዴውን አልፋችሁ ቡናማው እንጨት ድረስ ከቆረጣችሁት አያቆጠቁጥም፣ ያ ቦታ እንደተላጨ ይቀራል። ጎረቤታችን አንዴ በደንብ ላሳጥረው ብሎ አሁን በቀዳዳው የመንገዱን ሰው ሰላም እያለ ነው የሚኖረው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መከርከሚያም እማማ ሊከራዩ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ፈጣን ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። በእጅ መቀስ ስትቆርጥ ወፏ የምትነሳበትን ታያለህ፣ እጅህ ይቆማል። በዚያኛው ሁለት ሜትር ካለፍክ በኋላ ነው የምታውቀው፣ ያውም ካወቅክ። አንዲት ጓደኛዬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ብሎኩን የከበበውን አጥር ኮሚቴው በሜትር ሒሳብ ያስከረክማል። በሜትር የሚከፈለው ሰው ሻይ ይዞ ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ ማለት አይቻልም፣ ፍርድም አይደለም። እሷ ታዲያ አሁን ቀኑን ቀድማ ትጠይቅና በዋዜማው ራሷ ትዞራለች፣ ጎጆ ያለበት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። መጀመሪያ ድግምት መስሏቸው ሁለት ሰዎች አጉረምርመው ነበር።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። የሚከረክመው ልጅ አዲስ ነው፣ እኛ ግቢ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። መቀሱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ይጠብቀኛል። በርጩማዬን ይዤ ስቀመጥ ግራ ገባው። "እህት፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?" አለኝ። "ወፍ" አልኩት። እማማን አያቸው። እማማ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና መጠበቅ ጀመረ።

ያየው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። "ያውልሽ፣ ከሮቶው አጠገብ ገባች" አለኝ። ሄጄ ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ዋኖስ። ሁለት እንቁላል ላይ ተኝታ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፣ አልተነሳችም። ክብ ዓይን፣ ፍጹም የማይንቀሳቀስ፣ ደረቷ ብቻ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ቅጠሉን መለስኩና ወጣሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ሁለት ሳምንት ያህል ደግሞ ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። አንድ ወር በሉት፣ ጳጉሜም አለች። ጎጆው በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሜትር፣ ከላይም ሳይነካ ይቀራል አልነው። ልጁ ሌላውን በጣም አሳምሮ ከረከመው፣ ከእኔ የ2015 ሥራ ጋር አይወዳደርም። እዚያ ቦታ ሲደርስ መቀሱን ዘጋ አድርጎ በእግሩ ጣት አለፈ፣ ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። ከዚያኛው ወገን ቀጠለ።

ሲጨርስ ሦስታችንም ቆመን አየነው። ጽዱ በሙሉ ቀጥ ብሎ ተላጭቶ ሮቶው ጋ ሲደርስ አንድ ጉብታ ብቻ ጎፈር አድርጎ ቆሟል። እማማ ረጅም ጊዜ አዩትና "ቁንጮ አስቀመጥክለት" አሉት። ሳቅን። እንግዶቹ ሲጠይቁ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው። "ለመላእክት መያዣ ነው እላለሁ" አሉ።

ሙሉ ሒሳቡን ከፈሉት። ብሩን ቆጠረና ትንሽ አሰበ። "የቀረችውን ከመስቀል በኋላ መጥቼ አነሳታለሁ፣ ለእሷ ገንዘብ አልጠይቅም" አለ። ከዚያ በሩ ጋ ደርሶ ዞረና፣ "እህት፣ ደግማ ብትጥልስ?" አለኝ።

ዋኖስ ደግሞ ታደርገዋለች። "ደውዬ እነግርሃለሁ" አልኩት፣ ስልኩን ሰጠኝ።